በወንድሜ ላይ ፈርም የተባልኩ ዕለት

ያሰሩኝ በምርጫው ሰሞን፣ በፋሲካ ማግስት ነው። መካነ ሰላም ፖሊስ ጣቢያ ውስጥ ያስገቡኝ ክፍል ቀድሞ የማዳበሪያ መጋዘን ነበር፤ በሩ ሲከፈት ሽታው ዓይን ያቃጥላል። ሰባት ሰዎች ግድግዳውን ተደግፈው ተቀምጠዋል፤ የሚበዙት እስላሞች ናቸው። አንድ ሽማግሌ ሼህ ጋቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው ቦታ ለቀቁልኝና «አብሽር መምህር፣ አብሽር» አሉኝ። እንዴት እንዳወቁኝ ገረመኝ። ለካ ልጃቸውን አስተምሬዋለሁ።

በማግስቱ ጠዋት መርማሪው አስጠራኝ። ድምፁን ከፍ የማያደርግ ሰው ነው፤ ወንበር ሰጠኝ፣ ያውም ደህና ወንበር።

«የተቃዋሚ ወረቀት ሲያድል አይቻለሁ ብሎ የመሰከረብህ ማን እንደሆነ ታውቃለህ?»

አላውቅም አልኩ።

«ታላቅ ወንድምህ ነው።»

ከዚያ ተጽፎ ያለቀ አንድ ገጽ ወደ እኔ ገፋ አደረገ። ወረቀቶቹን ቤቱ ደብቆ ያቆየልኝ ወንድሜ ነው ይላል። «ፈርምና ቤትህ ግባ። ደግሞ አትቸኩል፣ እስከ ነገ አስብበት» አለኝ።

ወንድሜ ቀበሌ ውስጥ ይሠራል፤ የገዢው ፓርቲ ሰው ነው። ስለዚህ አላደረገውም ብዬ መማል አልቻልኩም። አባታችን ከሁለታችን እኔን መርጦ ትምህርት ቤት ሲልክ፣ እሱን ከሞፈር ጋር አስቀርቶታል። ከዚያ ወዲህ እኔ ተማርኩ ብዬ ስኮራ፣ እሱ ኋላ ሹመት አገኘሁ ብሎ ሲኮራ፣ የአንድ እናት ልጆች ሆነን እንደ ጣውንት ልጆች ስንተያይ ኖርን። ግን ያሳስረኛል? አንዴ አዎ እላለሁ፣ አንዴ ደግሞ ይህን በማሰቤ አፍራለሁ።

ነገሩን ለሼሁ ነገርኳቸው። እሳቸውም የሃቢልንና የቃቢልን፣ እኛ አቤልና ቃየል የምንላቸውን፣ ታሪክ ጀመሩ።

«ቃቢል ወንድሙን ገደለና ምን እንደሚያደርገው ጠፋው። ሬሳውን ተሸክሞ ሲዞር ከረመ። ኋላ አላህ ቁራ ላከለትና መቅበርን አስተማረው።»

አንድ የደጎሎ ስንዴ ነጋዴ፣ ክርስቲያን ነው፣ አቋረጣቸው። «ሼህ፣ በእኛ መጽሐፍ እኮ ቁራ የለም።»

«ቁራ ከሌለ ታዲያ በእናንተ ማን ቀበረው?»

ነጋዴው አሰበ፣ አሰበና «እሱን ከወጣሁ ቄሱን እጠይቅልዎታለሁ» አለ። ክፍሉ ሁሉ አውካካ።

እኔ አልሳቅኩም። ብፈርም ቃየል ነኝ፣ ባልፈርም አቤል። ገዳይ መሆን አልፈለግኩም፤ እውነቱን ለመናገር የሚታረድ ሞኝ መሆንም አልፈለግኩም። ከታሪኩ ወጥቼ የሌላ ቤት ልጅ መሆን አማረኝ።

ስድስት ሰዓት ላይ ዘበኛው «ስንቅ መጥቶልሃል» ብሎ ጠራኝ። ወንድሜ ትልቅ ሳህን በጨርቅ ቋጥሮ ግቢው ውስጥ ቆሟል። ስንቅ ያመጣ ሰው መጀመሪያ ራሱ መቅመስ አለበት፤ የጣቢያው ደንብ ነው። ቀበሌ ውስጥ ስንቱን ሰው የሚያዘው ወንድሜ፣ «ቅመስ» ሲባል በአንድ ተራ ፖሊስ ፊት ጎንበስ ብሎ ሦስት ጊዜ ጎረሰ። ደስ አለኝ፤ ወዲያው ደግሞ ደስ ስላለኝ ራሴን ጠላሁት።

«እማዬ ደህና ናት» አለኝ፣ ሳያየኝ።

«አንተ ነህ ወይ?» አልኩት።

ዘበኛውን ገልመጥ አደረገ። «ብላ፣ ይቀዘቅዛል» ብሎኝ ሄደ።

ገብቼ ስፈታው ምስር ወጥ፣ ያውም በዘይት። በፋሲካ ሳምንት! እሱ ቤት በግ እንደታረደ አውቃለሁ፤ ለእኔ የጾም ወጥ ላከልኝ። አንገበገበኝ። ሳህኑን ወደ ግድግዳው ገፋሁትና «ነገ እፈርማለሁ!» አልኩ ጮክ ብዬ።

ሼሁ ሳህኑን ወደ መሀል ሳቡት።

«አንት ልጅ፣ ይኼ ያንድ ሰው ምሳ ነው? ከእነማን ጋር እንደታሰርክ ወንድምህ ሰምቷል። ሥጋ ቢልክልህ አንተና ነጋዴው ብቻችሁን ልትበሉ፣ እኛ ፊታችንን አዙረን ልንቀመጥ ነበር። የናንተን ዕርድ እንደማንበላ አያውቅም? ለሁላችን አስቦ ነው።»

«የመሰከረብኝ ሰው ይህን ያስባል?»

«እኔ ምን አውቄ፤ እሱን አላህ ይወቀው። በስመ አብህን በልና ብላ።»

ስምንታችንም ከአንዱ ሳህን በላን። ግራ መጋባቴ ግን ባሰብኝ። ወንድሜ ለይቶለት ቢጠላኝ ይቀለኝ ነበር።

በማግስቱ መርማሪው እስክሪብቶ አቀበለኝ። ወረቀቱን እንደገና አነበብኩት። ክዳኑን ገጥሜ እስክሪብቶውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ።

«ያላየሁትን አልፈርምም።»

«እሱ ግን ፈርሞብሃል» አለኝ።

«ፈርሞ ይሆናል» አልኩ። ስድስት ወር ቆየሁ።

ወንድሜ ከቀበሌው አልተነሳም፣ ስንቁም አንድ ቀን አልቀረም። ከተፈታሁ በኋላ በዓል ለበዓል እንገናኛለን፣ ስለ ዝናቡና ስለ ልጆቹ እናወራለን፤ ያንን ነገር ግን አላነሳነውም። ባለፈው ዓመት እናታችንን ቀበርን። ለቀስተኛው ሲበተን ሁለታችን ድንኳኑ ውስጥ ቀረን። ልጠይቀው ዳር ዳር ስል እሱ ቀደመኝ።

«ያን ጊዜ ወንድምህ ፈርሞብሃል ብለውኝ ነበር» አለ፤ ድምፁ የሽማግሌ ሆኗል። «እውነት ፈርመህብኝ ነበር?»

«አልፈረምኩም» አልኩት።

አንገቱን ነቀነቀ። አመነኝ አላመነኝ እስከ ዛሬ አላውቅም። «አንተስ?» ልለው ነበር፤ ዋጥኩት። ለካ ያን ሁሉ ስድስት ወር ስንቅ ያመላለሰልኝ፣ «ወንድሜ ፈርሞብኛል» ብሎ እያሰበ ነበር።