የወይዘሮ ኦርመሮድ የባርኔጣ መርፌ

ወይዘሮ ዊኒፍሬድ ኦርመሮድ ባሏን ከቀትር በኋላ ቀብራ፣ አመሻሹ ላይ ከነጥቁር ልብሷ ትግል ልታይ መጣች። ቀኑ ሰኞ ነበራ! ከሰኞ ትግል ቀርታ አታውቅም። በሩ ላይ ትኬት የምቆርጠው እኔ ነበርኩና፣ «እግዚአብሔር ያጽናዎት» ብላት፣ «አጽንቶኛል፤ ይልቅ ገራፊው ዛሬ አለ ወይስ የለም?» አለችኝ።

የከተማችን የሆልምክላፍ ሰው ሁሉ ያውቃታል። ቁመቷ ከመድረኩ ወለል እምብዛም አያልፍም፤ ክንዷ ግን በታችኛው ገመድ ሥር ሰተት ብሎ ይገባል። በክንዷ ጫፍ ደግሞ መርፌዋ አለች፦ ባርኔጣዋን ከፀጉሯ ጋር የምታያይዝበት፣ ከስንዝር የሚረዝም፣ አናቱ ላይ ጥቁር ዶቃ ያለው ብረት። ክፉውን ሰው የሚጫወተው ተፋላሚ ገመዱ ላይ ሲወድቅላት ከባርኔጣዋ ትመዛትና ጭኑ ላይ፣ ወይም ከጭኑ ከፍ ብላ፣ ትሰካለታለች። ሕዝቡ የሚጠብቀው ይህንኑ ነው። እሷ ካልወጋች አዳራሹ አይሞቅም፤ እሷ ስትወጋ ግን ስምንት መቶ ሰው ከወንበሩ ይነሣል።

አዳራሹ ስል የከተማችን መዋኛ ቤት ነው። በብርድ ወራት ውሃው ተለቆ ይፈስና ገንዳው ሳንቃ ይለብሳል፤ በሳንቃው ላይ መድረኩ ይቆማል፣ ወንበሩ ይደረደራል። ቤቱ በረኪና፣ ላብና የሲጋራ ጭስ ይሸታል። አቤት ሲጥም! መዋኛ ቤቱ ከፈረሰ ስንት ዓመቱ፤ እኔ ግን ዛሬም የበረኪና ጠርሙስ በከፈትኩ ቁጥር ደወሉ የተደወለ ይመስለኛል።

ወይዘሮ ኦርመሮድ በአሥራ ሁለት ዓመቷ ጥጥ ፋብሪካ ገብታ አርባ ስድስት ዓመት ሸምናለች። የመሸመኛ መኪናው ጩኸት ጆሮዋን በላው። እንደ ፋብሪካው ሴቶች ሁሉ ከንፈር ታነባለች፤ ከመንገድ ማዶ መስኮት ዘግተው የሚጣሉ ባልና ሚስት ምን እንደተባባሉ ሰፈሩ የሚሰማው ከእሷ ነው። አውስትራሊያ የሄደው ልጇ ደብዳቤ ሲጽፍላት፣ «ሲናገር ከንፈሩን ካላየሁ አላምነውም» ብላ ሳትከፍት ምድጃ ውስጥ ትጨምረዋለች።

ባሏ በሞተ በወሩ የፎቁን ክፍል ሲሪል ሃውክሮፍት ለሚባል ሰው አከራየች። እንግዲህ ገራፊው ማለት ይኸው ሲሪል ነው! ጥቁር ጭንብል አጥልቆ፣ ጅራፍ እያጮኸ የሚገባው፣ ዓይን የሚቧጥጠው፣ ዳኛ የሚገፈትረው። በሩን ስትከፍትለት ወዲያው አውቋታል፤ ጭኑ አውቋታል ብል ይሻላል። ግን ዝናብ ነበር፣ ክፍሉም ጥሩ ነበር። ባለጭንብል ማንነቱን ከተነፈሰ ደግሞ በነጋታው ሥራ የለውም። ስለዚህ፣ «ቤት ለቤት ብሩሽ ሻጭ ነኝ» አላት፤ ለማስመሰልም ለሰፈሩ አንድ ሁለት ብሩሽ ሸጠ።

የቁስል መድኃኒቱም ሣጥን በእኔ እጅ ነበር። ሰኞ ሰኞ፣ ከግጥሚያው በኋላ፣ ልብስ መቀየሪያው ክፍል ውስጥ ሲሪልን በሆዱ አስተኝቼ አዮዲን እቀባዋለሁ።

«ቤሪል፣ ቀስ በይ እንጂ!»

«ዛሬስ ስንት ነው?»

«ሦስት። አንዷ አጥንት ነክታለች።»

«ታዲያ ከዚያ ቤት ለምን አትወጣም?»

«የበሬ ጨጓራ እንደሷ የሚሠራ የት አገኛለሁ?»

ማክሰኞ ጠዋት ጨጓራውን በኮምጣጤ አድርጋ ታቀርብለትና ጣውላ ወንበር ላይ ታስቀምጠዋለች። «ምን ሆነህ ነው እንደ ዶሮ የምትቁነጠነጠው? ደህና ተቀመጥ!» ትለዋለች። ስድስት ዓመት እንዲህ ኖሩ።

በሰባተኛው ዓመት የግጥሚያው አዘጋጅ ስኬልሆርን፣ ገራፊው ጭንብሉን ያውልቅ አለ። ጭንብል የሚወልቀው አንዴ ነው፤ ያን ለት አዳራሹ ጢም ይላል። ሲሪል እኔው ፊት ለመነው።

«ጌታዬ፣ ሌላ ከተማ ይሁንልኝ። እዚህ ሰፈሬ ነው። እኔ ሰው ሲጠላኝ ነው የምበላው።»

«ይጠሉሃል! ስድስት ዓመት የጠላህ ሰው አንድ ፊት አይቶ ይለወጣል? ደግሞስ ፊትህ ምን አለው?»

ፊቱማ ነበር ችግሩ። ጉንጩ ቀይ፣ ዓይኑ እንቅልፍ እንደጠገበ ሕፃን!

ያን ሰኞ ተጋጣሚው ጭንብሉን ገፎ ወደ ላይ አነሣው። ከሁለተኛው ረድፍ አንዲት ሴት፣ «እንዴ! የወይዘሮ ኦርመሮድ ተከራይ አይደል እንዴ? ድመቴን ከጣራ ያወረደልኝ!» አለች። ከኋላ ደግሞ አንዱ፣ «ሲሪል! የሸጥክልኝ ብሩሽ እጀታው ወለቀ እኮ!» ብሎ ጮኸ። ሳቁ ሳንቃውን አነቃነቀው። ሲሪል ገመዱን ይዞ ወይዘሮ ኦርመሮድን ብቻ ያያል። መርፌዋን መዛ ቆማለች። ሰውም ዞሮ አያት። እሷ መርፌዋን ቀስ ብላ ባርኔጣዋ ላይ መልሳ ሰካች፣ ተቀመጠች፣ ከረሜላ ላጠች።

ስኬልሆርን በነጋታው ቁርጡን ነገረው፦ «ሦስት ሰኞ ሰጥቼሃለሁ። ሴትዮዋ ከወጋችህ ትቀጥላለህ፤ ካልወጋችህ ብሩሽህን ሽጥ።»

በመጀመሪያው ሰኞ ሲሪል የተጋጣሚውን ፀጉር ነጨ፣ የወደቀ ሰው ረገጠ፣ ዳኛ አነቀ። ሰዉ፣ «ሲሪል፣ እንዳይበርድህ! ሹራብ ደርብ!» አለው። እሷ ከረሜላዋን በላች።

በሁለተኛው ሰኞም መርፌዋ ከባርኔጣዋ አልወጣችም። ግጥሚያው እንዳበቃ ሲሪል ሻይ የሚሸጥበት መስኮት ጋ ደረሰባት። እኔ ከኋላው ቆሜያለሁ።

«ወይዘሮ ኦርመሮድ፣ በፈጠረዎት፣ አንዴ ብቻ ይውጉኝ!»

«አትጩህ። ጩኸት አይሰማኝም፤ ረጋ ብለህ ተናገር፣ አይልሃለሁ።»

«ይውጉኝ ነው የምለው።»

«ሰው እንዴት እወጋለሁ? አረመኔ ነኝ እንዴ?»

«ስድስት ዓመት ወግተውኝ የለ!»

«የወጋሁት ገራፊውን ነው።»

«ገራፊው እኮ እኔ ነኝ!»

«ይህን መች አጣሁት?» አለች ሻይዋን እያማሰለች። «ቤቴ በገባህ ሳምንት ነው ያወቅሁህ። ጭንብሉ አፉ ጋ ቀዳዳ ነው። ገመዱ ላይ ሆነህ ለተጋጣሚህ “ቀስ፣ ጉልበቴን አደራ” ስትለው አነበብኩህ። በማግስቱ በዚያው ከንፈር “ጨው ያቀብሉኝ” አልከኝ።»

እኔ ከሲሪል ብሼ ደነገጥኩ። የስድስት ዓመት አዮዲን!

«እያወቁ ነው የወጉኝ?»

«ታዲያስ! ማክሰኞ ማክሰኞ ያን ጣውላ ወንበር ለማን ብዬ ነበር ከጓዳ የማወጣው? ደስ የሚለው እኮ መናገር አለመቻልህ ነበር፤ እያረርክ “እግዜር ይስጥልኝ፣ ጨጓራው ይጥማል” ትለኛለህ። አሁን ግን ራስህ ለመንከኝ። የሚለምነኝን ወግቼ ምን አገኛለሁ?»

ሲሪል አፉ ተከፍቶ ቀረ። እሷ አየችውና፣ «ዝጋው፣ ባዶ ነው፤ የሚነበብ የለበትም» ብላው ሄደች።

ሦስተኛው ሰኞ ደረሰ። ስኬልሆርን በሩ ጋ ቆሞ ያያል። ሲሪል በሁለተኛው ዙር ከመድረክ ወርዶ በቀጥታ ወደ እሷ መጣ። ባርኔጣዋን ከነመርፌዋ ከራሷ ላይ ነጠቃት፤ መሬት ጥሎ በሁለት እግሩ ጨፈረበት። መርፌዋን መዞም እጇ ላይ አስያዛትና ጭኑን አዞረላት። አሮጊት ላይ እጅ አንሥቷል! ሰው ሁሉ መነሣት ጀመረ፤ ጥላቻው ሲመጣ በዓይኔ አየሁት፣ አንድ ክንድ ያህል ቀርቶት ነበር። የእሷን አንድ መውጋት ብቻ ይጠብቃል።

ወይዘሮ ኦርመሮድ መርፌዋን ጭኗ ላይ አስቀምጣ የተበተነ ፀጉሯን ዳበስ ዳበስ አደረገች። «ሲሪል» አለች፣ እንደ ደንቆሮ ሰው ጮክ ብላ፣ «ስትጨርስ ባርኔጣዬን ትቦርሽልኛለህ። መቼም ብሩሽ አታጣም።»

እንደዚያን ቀን የተሳቀ ሳቅ ከዚያ ወዲህ አልሰማሁም። ሰዎች ተቃቅፈው አለቀሱ። እኔም ስቄያለሁ፣ ምን እዋሻለሁ። ስኬልሆርን ኮቱን ለብሶ ወጣ።

ሲሪል ከቤቷ አልወጣም። ውሸቱን እውነት አድርጎ ብሩሽ ቤት ለቤት መሸጥ ያዘ። ሰኞ ሰኞም ቦርሳዋን ተሸክሞላት ይመጣና ከጎኗ ይቀመጣል፤ ባርኔጣዋ በደንብ ተቦርሿል።

በዓመቱ ስኬልሆርን ቀይ ጭንብል የለበሰ አዲስ ክፉ ሰው አመጣ። ልጁ በመጀመሪያው ዙር ገመዱ ላይ ወደቀ፣ ልክ እነሱ ፊት። ወይዘሮ ኦርመሮድ መርፌዋን መዘዘች። ሲሪል ጎንበስ ብሎ ፊቱን አዞረላት። ድምፅ አላወጣም፣ ከንፈሩን ብቻ አንቀሳቀሰ፤ እናቴ የፋብሪካ ሸማኔ ስለነበረች ትንሽ ትንሽ እኔም አነባለሁ።

«ጭኑን ይተዉት፣ ሥጋ ነው» አላት። «ከፍ ያድርጉና ወደ ግራ። እዚያ ጋ ነው ከአጥንት የሚደርሰው።»

ልጁ እንደ ፈረስ ጮኸ። ስምንት መቶ ሰው ከወንበሩ ተነሣ፤ ቀድሞ የተነሣው ሲሪል ነበር፣ ጉንጩ ቀልቶ፣ «ይድገሙት!» እያለ። እኔ አዮዲኑን ልከፍት ሄድኩ።