የጓደኛዬ ቅዳሜ

አርብ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ጓደኛዬ ስልኩን ያጠፋል። ሥራው ሞባይል ጥገና ነው። ሳምንቱን ሙሉ የሰው ስልክ ሲያስነሳ ይከርምና የራሱን በገዛ እጁ ያጠፋዋል። በጨርቅ ጠቅልሎ ከበሩ በላይ ያለችው መደርደሪያ ላይ ያኖረዋል። ከዚያ አንዲት ሻማ አብርቶ አልጋው ጫፍ ላይ ይቀመጣል። እስከ ቅዳሜ ምሽት ድረስ ማን ፈለገኝ፣ ማን ረሳኝ ብሎ ሲጨነቅ አይቼው አላውቅም።

እኔ ትይዩ ካለው አልጋ ላይ ነኝ። ደብረ ታቦር ውስጥ አንድ ክፍል ተከራይተን አብረን እንኖራለን። ስልኬ ከእጄ አይወጣም። ኔትወርክ በሚቋረጥበት ሰሞን እንኳ ምናልባት የሆነ ነገር ገብቶ ይሆናል እያልኩ ባዶውን ስክሪን በአውራ ጣቴ ስጎትት አመሻለሁ። ግጥም እጽፋለሁ፤ ማንም አላስተማረኝም፣ እያነበብኩ ነው የለመድኩት። ጽፌ እለጥፍና ማን እንደወደደው ለማየት ሌሊት ሁሉ እነቃለሁ። እሱ ደግሞ ሻማዋ ቀልጣ ሳታልቅ ተኝቷል።

እቀናበት ነበር። በገንዘቡ አይደለም፣ እንደኔው የሌለው ነው። በመልኩም አይደለም፤ በመልክ እንኳ ሳልሻለው አልቀርም። የቀናሁት መቀመጥ በመቻሉ ነው።

አከራያችን ባልቴት ናቸው። መጀመሪያ ሰሞን በሩ ላይ ቆመው፣ "አንተ ልጅ፣ መብራት ሳይጠፋ ሻማ የምታበራው ለማን ነው?" አሉት።

"ሰንበት ገብቶ ነው፣ እማማ።"

"ሰንበትማ እኛም እናውቃለን። አባቴ፣ ነፍሳቸውን ይማረውና፣ ቅዳሜ በሬ ጠምደው አያውቁም። ገበያ ግን ይወርዱ ነበር። አንተ ገበያውንም ትተህ ምን ልትበላ ነው?"

"ዳቦ ጋግሬያለሁ። ይቅመሱ።"

ቆርሰው ቀመሱ። "ጨው አንሶታል" ብለው ሄዱ።

እውነታቸውን ነው። ቅዳሜ የገበያ ቀን ነው። የገጠሩ ሰው የሚወርደው ያን ዕለት ነው፤ ባትሪ የሚቀይረው፣ ሚሞሪ የሚያስሞላው፣ የተሰበረ ስክሪን የሚያሠራው ያን ዕለት ነው። ሌላው ጠጋኝ ቀና ብሎ ለማየት ጊዜ ሲያጣ የእሱ ቆርቆሮ በር ተዘግቶ ይውላል።

የእናቱ ወላጆች ቤተ እስራኤል ነበሩ። አያቱ ብረት ቀጥቃጭ፣ ሴት አያቱ ሸክላ ሠሪ። ዘመዶቻቸው ወደ እስራኤል ሲሄዱ እናቱ ክርስቲያን አግብታ ስለነበር እዚሁ ቀረች። በልጅነቱ ሰፈር ውስጥ ስም ያወጡለት እንደነበር አንድ ጊዜ ነግሮኛል፤ የትኛው ስም እንደሆነ እዚህ አገር ያደገ ሁሉ ስለሚያውቅ አልጽፈውም። እናቱ ከሞተች በኋላ እዚያ ያለች አክስቱን አፈላልጎ አገኘ። አሁን ኔትወርክ ሲመጣ አክስቱ የሳምንቱን ትምህርት በድምፅ ትልክለታለች። ደጋግሞ ይሰማዋል። ከዚያ እንደ ስልክ ፈታቶ ያየዋል፤ ይሠራል ወይስ አይሠራም ይላል። አያቱ ሰንበት ሲገባ እሳት ያጠፉ ነበር፣ አክስቱ ሻማ አብራ ትለዋለች። እሱ ሻማዋን ያበራና ሌላ እሳት አይነካም። በጉና ተራራ ብርድ ቀዝቃዛ ድንች ይበላል። ምድጃ ልለኩስልህ ስለው፣ "ለራስህ ከሆነ ለኩስ፣ ለእኔ ብለህ ከሆነ ተወው" አለኝ።

ሱቁ ውስጥም እንዲሁ ነው። መንገድ ተዘግቶ ከተማው በወሬ ብቻ በሚኖርበት ሰሞን አንድ ጎረምሳ ቪዲዮ ይዞ መጣ። አንድ የሰፈር ሰው ሠራ የተባለውን የሚያሳይ ነው።

"ይችን ለመጣው ሁሉ ጫንለት" አለው።

"ሰውየው ራሱ የት ነው?"

"ምን አገባው? ይኸው ቪዲዮው።"

"በሌለበት አልጭንም።"

"እውነት እኮ ነው።"

"እውነትም ቢሆን። የተከለከለው ሰው በሌለበት ክፉውን ማውራት ነው።"

"እንዴ፣ ውሸት ነው እንጂ የሚከለከለው።"

"ውሸት ከሆነማ ስሙም ሌላ ነው፣ ኃጢአቱም ሌላ ነው።"

ጎረምሳው ስቆበት ወደሚቀጥለው ሱቅ ሄደ። እዚያ ተጫነለት። ማታውን የቪዲዮው ወሬ እኛ ግቢ ደርሶ ነበር፤ ጓደኛዬ ግን እንዳልሰማ ሆኖ እግሩን ሲታጠብ አየሁት። እኔ ወሬውን እስከ መጨረሻው አዳመጥኩ። እውነቱን ለመናገር ጥሩ ወሬ ነበር።

ከእሱ ሱቅ አጠገብ ካለው በረንዳ ላይ አንዲት ልብስ ሰፊ ትቀመጣለች። ዓረብ አገር ብዙ ዓመት በሰው ቤት ሠርታ ስትመለስ የስፌት መኪና ገዛች። እንደኔው ከጉና ሥር የመጣች ናት። እኔ የምሠራው ፊት ለፊት ካለው ፎቶ ኮፒ ቤት ነው፤ የሰው ማመልከቻ እየተየብኩ በመስታወቱ በኩል እሷን አያለሁ። ወደድኳት። እንደ እኔ ያለ ሰው ሲወድ ደግሞ የሚያደርገው የታወቀ ነው፣ ረጅም ግጥም ጻፍኩላት። ስለ ስደቷ ነው። መስኮት አለው፣ ጨረቃ አለው፣ እንባ አለው። በረንዳው ላይ ቆሜ አነበብኩላት። ቁልቁል አቀርቅራ ዚፕ እየሰፋች ሰማችኝ።

"ሲያምር" አለች ስጨርስ። "ግን እኔ መስኮት ላይ ቆሜ አላለቅስም ነበር።"

"ግጥም ነው እኮ።"

"አውቃለሁ። መስኮቱን የምወለውለው እኔ ስለነበርኩ ነው የነገርኩህ። ቆሞ ማልቀሻ ጊዜ የለም።" የያዘችውን ክር በጥርሷ በጠሰች። "ጨረቃዋን ደግሞ ከየት አመጣሃት?"

ከጥቂት ቀናት በኋላ ጓደኛዬ የጠገነላትን ስልክ ሊሰጣት መጣ። እኔም የተቀደደ የጃኬት ኪስ ሰበብ አድርጌ እዚያው ነበርኩ።

"አንተ ሰነፍ" አለችው። "ገበያው እየፈሰሰ ቅዳሜ ትዘጋለህ አሉ።"

"ትእዛዝ ነው።"

"ለአንተ ብቻ የመጣ ትእዛዝ?"

"ለእኔ ብቻ አይደለም። ለልጁም፣ ለሎሌውም፣ ለቤት ሠራተኛዋም፣ ለበሬውም፣ ለአህያውም፣ ለእንግዳውም።"

"ለሠራተኛዋም?"

"አዎ፣ ለይቶ ይጠራታል። ጌታዋ አርፎ እሷ ካላረፈች ቀኑ አልተከበረም ማለት ነው።"

መዳፏን የመኪናው መዘውር ላይ አደረገች። መኪናው ቆመ። ለግጥሜ አልቆመም ነበር።

"የት ነው ያለው ይሄ?"

"ከአሥሩ ትእዛዛት አንዱ ነው። የእናንተም ካህናት ያውቁታል።"

"ከልጅነቴ ጀምሮ ሰምቼዋለሁ። ሠራተኛዋን ግን ሳልሰማ ነው ያደግሁት። እኔ በነበርኩበት ቤት የእረፍት ቀን አርብ ነው። እነሱ ሲያርፉ እንግዳ ይመጣል። እኔ አርብ ነበር የምሞተው።"

ወደ ፎቶ ኮፒ ቤቴ ተመለስኩና የአንድ ገበሬ የመሬት ማመልከቻ ሁለት ጊዜ አበላሸሁ። የማውቀውን ቃል ሁሉ ግጥሙ ውስጥ አፍስሼ ነበር። እሱ ያመጣው አንድ ቃል ነው፤ የራሱ እንኳ ያልሆነ፣ በበሬና በሎሌ መሀል የተሰካ፣ ከሕግ ውስጥ የወጣ ቃል። ሕግ ጸሐፊ ላይ የቀና ገጣሚ እኔ የመጀመሪያው ሳልሆን አልቀርም።

እሷም ቅዳሜ መዝጋት ጀመረች። ደንበኞቿ አጉረመረሙ። አንድ የገጠር አባት ሱሪያቸውን በክንዳቸው አንጠልጥለው በተዘጋው በረንዳ በኩል ስታልፍ አገኟትና፣ "እቴ፣ ይችን አሳጥሬ ለብሼ ልመለስ ነበር የመጣሁት፤ አመመሽ እንዴ?" አሏት።

"ደኅና ነኝ፣ አባባ። ቅዳሜን አርፋለሁ። አርብ ብቅ ይበሉ፣ ቆመው ሳሉ እሰፋልዎታለሁ።"

"ቄሱ ናቸው እንዲህ ያሉሽ?"

"ስልክ ጠጋኙ ነው።"

አባትየው ሱሪያቸውን አጥፈው እየሳቁ ሄዱ። እኔ አልሳቅሁም።

ቅዳሜ ቅዳሜ ሁለቱ በጋፋት በኩል ባለው የእግር መንገድ ወጣ ብለው ሣር ላይ ይቀመጣሉ። ዳቦና ድንች ይዘው ይሄዳሉ። እኔንም ይጠሩኛል፤ አለመጠራቱ ይሻለኝ ነበር። ሄጄ እቀመጣለሁ፣ እነሳለሁ፣ ድንጋይ እወረውራለሁ፣ ስልኬን አወጣለሁ።

"እባክህ ይሄን ልጅ እሰረው" ትለዋለች።

"ማሰር ቅዳሜ አይፈቀድም።"

ይስቃሉ። እነሱ ሲስቁ እኔ ሌላ ድንጋይ አነሳለሁ። አንድ ቅዳሜ ጓደኛዬ አክስቱ የላከችለትን ትምህርት ነገረን፤ የሌላውን አትመኝ ስለሚለው። አክስቱ እንዳለችው ሰው የሚመኘው እደርስበታለሁ ብሎ የሚያስበውን ነው። በአሞራ ክንፍ የሚቀና ገበሬ የለም፤ የሚቀናው በጎረቤቱ በሬ ነው። ስለዚህ ሕጉ የሚለው፣ የጎረቤትህን ነገር እንደ ክንፍ እየው ነው።

"ድሮ ይሆናል" አለች እሷ። "ስልክ ከመጣ ወዲህ ሁሉ ሰው ጎረቤት ሆኗል። እኔ የሄድኩት አንዲት የአገሬ ልጅ ሶፋ ላይ ተቀምጣ የተነሳችውን ፎቶ አይቼ ነው። ሶፋው የእሷ መስሎኝ። ለካ እመቤቷ ገበያ ስትወጣ ነው የተቀመጠችበት።"

"አንቺስ ሶፋ ላይ ተነሳሽ?" አላት።

"ተነሳሁ እንጂ። ሰፈራችን ስንቷ ልጅ በእኔ ፎቶ እንደሄደች አላውቅም።"

እኔ ስለ ሶፋው ግጥም ማሰብ ጀመርኩ፤ ከዚያ ቀና ስል እሱ ያሰበው ስለ እሷ እንደሆነ ፊቱ ላይ አየሁ። በዚህም ቀናሁበት። ትምህርቱ ስለ እኔ መሆኑን ግን ከሰማሁት ጊዜ ጀምሮ አውቄዋለሁ። እሷን እንደ ክንፍ ልያት? በመንገድ ማዶ በረንዳ ላይ ተቀምጣ?

እሁድ ልብስ ስናጥብ አላስችል አለኝ።

"ስለ እኔ ምን ትላለች?"

"ስለ አንተ ማን?"

"አትጃጃል።"

"እሷ እዚህ የለችም" አለኝ፣ ሸሚዙን እየጨመቀ።

"ስለሌለችማ ነው የምጠይቅህ። ትወድሃለች? ይሄን ብቻ ንገረኝ።"

"ማዶ ተቀምጣ የምትውል ሴት ናት። ሂድና ጠይቃት።"

"አንተ ብትሆን ኖሮ እኔ እነግርህ ነበር።"

"አውቃለሁ" አለ።

ይህ መልስ ከስድብ ይብሳል። ሦስት ቀን ያህል አላናገርኩትም፤ አንድ ክፍል ውስጥ ለሚኖር ሰው ይህ ቀላል አይደለም። አራተኛው ቀን ሐሙስ ነበር፣ ዝናብ ያካፋል፣ መንገዱ ላይ ሰው አልነበረም። ፎቶ ኮፒ ቤቱን ዘግቼ ተሻገርኩ። ወረቀት አልያዝኩም። እርጥብ ጫማዬን የበረንዳው ጠርዝ ላይ እያራገፍኩ ጠየቅኋት።

"ትወጂዋለሽ?"

ማንን አላለችም። "ቅዳሜውን እወዳለሁ" አለች። "እሱ እንደ ወንድም ነው። እንዲያውም ብዙ ስለማያወራኝ እናደድበታለሁ። አንተን በተመለከተ ጠይቄው ነበር።"

"መቼ?"

"ግጥሙን ካነበብክልኝ ማግስት። እንዴት ያለ ሰው ነው፣ አብራችሁ ትኖራላችሁ አይደል፣ አልኩት። እሱ የለም እዚህ፣ አለኝ። ክፉ ነገር አለበት እንዴ ብዬ ፈራሁ። ሌላ ቀን ደግሜ ጠየቅሁት። እሱን ጠይቂው አለኝ። እስኪ ይሄ የጓደኛ መልስ ነው?"

ከዚያን ቀን ጀምሮ የነበሩት ቅዳሜዎች ሁሉ በዓይኔ ላይ መጡ። ሣር ላይ ተቀምጦ ሲስቅ፣ እኔ ስቃጠል፣ እሱ ስለ እኔ መጠየቋን ያውቅ ነበር። አንዲት ቃል ብትወጣው እንቅልፍ እተኛ ነበር። አላወጣትም። ስለ እኔ ክፉም አላወጣም፤ እኔን በመሰለ አብሮ አደር ላይ ደግሞ የሚወጣ ክፉ ሞልቷል።

"እንግዲህ አንተኑ ልጠይቅህ" አለችኝ። "እንዴት ያለ ሰው ነህ?"

ቃል ሠሪ ነኝ ባይ ነኝና ብዙ መልስ መጣልኝ፤ ሁሉም ጨረቃ ያለበት ነበር።

"ቀናተኛ ነኝ" አልኳት።

"እሱንማ ከተማው ሁሉ ያውቃል። ሌላስ?"

"መቀመጥ አልችልም። የሰው ማመልከቻ ስተይብ ስህተቱን ሳልጠየቅ አርማለሁ። ወላጆቼ ዘንድ ከሄድኩ ቆይቻለሁ፣ ግጥሙ ምን አበላህ እንዳይሉኝ ፈርቼ። ስትሰፊ አይሻለሁ። በመስታወቱ።"

"እሱንም አውቃለሁ። መስታወቱን ብትወለውለው በደንብ ይታይሃል።" የሰፋችውን ልብስ አጣጥፋ ወደ ጎን አደረገች። "ማክሰኞ ወደ ጉና እወጣለሁ፣ አባቴ ዘንድ። መጥተህ ለእሱ ደግሞ ንገረው፣ ያለ ግጥም። ጓደኛህም ይመጣል።"

"እሱ ለምን?"

"አባቴ ሶላሩ ተበላሽቶበታል። አንተ ትጠግናለህ?"

አልጠግንም። ማክሰኞ ሦስታችንም መናኸሪያ ተገናኘን። ጓደኛዬ የመሣሪያ ቦርሳውን አንግቷል፣ እኔ የተዋስኩትን ጋቢ ለብሻለሁ። እስከ ገሳይ ከተማ ድረስ በመኪና፣ ከዚያ በኋላ በእግር ነው የምንወጣው። ሚኒባሱ ሊሞላ ሲል እሷ ቀድማ ገብታ መስኮቱ ጋ ተቀመጠች። አጠገቧ አንድ ቦታ፣ ከኋላ ደግሞ በሁለት የገብስ ጆንያ መሀል አንድ ቦታ ቀርቷል። ከፊቴ የነበረው እሱ ነው፤ ያ ቦታ በተራው የእሱ ነበር። ጎንበስ ብሎ አልፎ ጆንያዎቹ መሀል ገባ፣ ቦርሳውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ዓይኑን ጨፈነ። ወደኋላ ዞሬ አየሁት። እንቅልፉ የእውነት ነበር። እሷ አጠገቤ ናት፣ ትከሻዋ ጋቢዬን ይነካል፣ ተራራው በመስኮቱ ይታያል፤ እኔ ደግሞ እሱ ያን ቦታ እንዴት እንዲያ በቀላሉ መልቀቅ እንደቻለ እያሰብኩ እቀናበት ነበር።