መጨረሻውን የሚደብቁት መምህር

እንጅባራ በማስተምርበት ትምህርት ቤት፣ ለቤተ መጻሕፍቱ የሚገዙትን የልጆች መጻሕፍት እንድመርጥ ተነግሮኝ ሻጩ የዘረገፈልኝን ናሙና አገላብጣለሁ። «ይሄን ልጆች ይወዱታል» ይለኛል፣ ሁሉንም። ሁሉንም የሚያሞግስ ሰው አላምንም። አንዱን ባለ ወፍራም ሽፋን ጧ አድርጌ ስዘጋው ግን፣ ድምፁ ዳንግላ ወደ ተማርኩበት አራተኛ ክፍል ይዞኝ ሄደ።

መምህራችንና የዚያ ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ኃላፊ ጋሼ አላምረው አዲስ መጽሐፍ ይዘው ክፍላችን ይገቡና ያነቡልናል። የታሪኩ አህያ ገደል አፋፍ ላይ ሲደርስ ጧ አድርገው ዘግተውት ውልቅ ይላሉ። እኛ በአዊኛ እንንሾካሾካለን።

«መጨረሻውን ማንበብ አይችሉም» አለች ጓደኛዬ ስመኝ።

እኔ ደግሞ ለልጆቻቸው ብቻ ሊያነቡት ነው የሚደብቁን ብዬ ጠረጠርኩ። አንድ ቀን እስከ ቢሯቸው ተከተልናቸው።

«ጋሼ፣ አህያውስ?»

ፊታቸው በራ። «በቃ፣ ይሄ ይገዛል» አሉና በሩን ዘጉብን። ምን ማለታቸው እንደሆነ አልገባንም፤ ጥርጣሬያችን ጭራሽ ባሰ።

ሻጩን ጠብቀኝ ብዬው፣ አብልጦ ያሞገሰውን ይዤ ሦስተኛ ክፍል ገባሁ። ግማሹን አንብቤ ዘጋሁት። ማንም ምንም አላለኝም። ሌላ አመጣሁ፤ እሱንም መኻል ላይ ዘግቼ ወጣሁ። በረንዳው ላይ አንዲት ልጅ ደርሳ ቀሚሴን ጨምድዳ ያዘችኝ። አስተያየቷ ሌባ እንደያዘ ሰው ነው።

«ቲቸር፣ የቀረውን የት ልትወስጂው ነው?»

ወደ ሻጩ ተመለስኩ። «በቃ፣ ይሄ ይገዛል» አልኩት።