ከጉልበት በታች

ተማሪዎቼ «ፕሮፌሰር» ይሉታል እንጂ ሰውዬው የነርስ ትምህርት ቤታችን ጡረተኛ ዘበኛ ነው። ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ቤት መዋል አልሆንልህ ሲለው ለልምምድ የሚተኛ ሰው ሆነልን። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ማክሰኞ ማክሰኞ አልጋችን ላይ ይንጋለላል፤ ተማሪዎቹም ከራስ ፀጉሩ እስከ እግር ጥፍሩ ይመረምሩታል። ማለቴ፣ ይመረምሩታል እንላለን።

ቅደም ተከተሉን ከእኔ በላይ ያውቀዋል። አንዷ ከዓይኑ ዘላ ደረቱ ላይ ስትደርስ አንገቱን በጣቱ መታ መታ ያደርግላታል። ማዳመጫውን በልብሱ ላይ ያስቀመጠውን ደግሞ «ልቤን ነው ሸሚዜን የምታዳምጠው?» ይለዋል። ሆዱን ሳታዳምጥ መጫን የጀመረች እንደሆነማ ጉዷ ነው። «መጀመሪያ ስሚ፣ ከዚያ ተጫኚ! ቀስቅሰሽው ምን ልትሰሚ?» ይላታል።

እኔ የምርመራውን ቅጽ ይዤ ጥግ እቆማለሁ። ሃያ ስድስት ዓመት ቆምኩ፤ እግሬ ያብጣል፣ ወገቤን ይቆርጠኛል። ለአንድ ተማሪ የተፈቀደው ሃያ ደቂቃ ነው። ዓይንና ጆሮ ላይ ሲንዛዙ ይቆዩና ሆዱ ጋ ሲደርሱ ሰዓታቸው ያልቃል። «በቃ፣ ቀጣይ!» እላለሁ። እግር በሚለው መስመር ላይ «ደህና» ብዬ እጽፋለሁ። ደግሞስ እሱ ምን ይሆናል? የእኛው ፕሮፌሰር!

አንድ ማክሰኞ ሁለት ተማሪዎች ቀሩ። ጊዜ ስለተረፈ አንዲት ቀርፋፋ ልጅ እንደልቧ ቆየች። አንድ ጆሮ ለማየት ዕድሜ ይፈጅባታል። እኔ ቤቴ ገብቼ መጋደም ነበር ያማረኝ።

«አባባ፣ ካልሲዎን ላውልቅልዎት» አለችው።

ሳቀ። «ተይ ልጄ፣ እዚያ ማንም ደርሶ አያውቅም።»

«ቅጹ ላይ አለ እኮ።»

«ይሸታል፣ ይቅርብሽ!» ብሎ እንዳስጥለው ወደ እኔ አየ። «በቃ ተዪው» ልላት አፌን ስከፍት ቀድማኝ ሳበችው።

ካልሲው ከቁስሉ ጋር ተጣብቆ ነበር። የቀኝ እግሩ አውራ ጣት ከሰል መስሏል። ልጅቷ ውስጥ እግሩን ጫን አድርጋ «ይሰማዎታል?» አለችው።

«ምኑ?» አላት፣ ኮርኒሱን እያየ።

ስኳር ነበር። ውሃ በላይ በላዩ ሲጠጣ «ሙቀቱ ነው» ያልኩት እኔ ነኝ። ሲያነክስ «ጫማ ቀይር» ብዬ የቀለድኩበትም እኔው። ያን «ደህና» ስጽፍ ምነው እጄን በቆረጠው!

«ጋሼ፣ ለምን አልነገርከኝም?» አልኩት እያለቀስኩ።

«በየሳምንቱ ትመረምሩኝ የለ? ደህና ብለሽ ስትጽፊ አያለሁ። እንግዲህ ደህና ነኝ አልኩ» አለኝ። ቁጣ የለውም። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ሐኪሞቹ ከጉልበቱ በታች ቆረጡት። በአራተኛው ወር፣ ማክሰኞ ጠዋት፣ በክራንች እየተደገፈ ከች አለ። ተመልሶ የሚመጣ አልመሰለኝም ነበርና ክው አልኩ። አልጋው ላይ ወጥቶ እንደድሮው ተንጋለለ።

«ኑ እንግዲህ፣ ዛሬ ሰዓቱ ይበቃችኋል። ሥራ ቀንሼላችኋለሁ» አላቸው።

ተማሪዎቹ ሳቁ። እኔ አልቻልኩም። ቅጹን ለቀርፋፋዋ ልጅ ሰጠኋትና ተንበርክኬ የቀረችውን ካልሲ ማውለቅ ጀመርኩ።

ቀና ብሎ አየኝ።

«ሲስተር፣ አንቺም ትመረምሪያለሽ እንዴ?» አለኝ።