ከቀኑ የቀደመ ሙሾ

አትጠገብ ከአራተኛ ክፍል አቋርጣ ከቦሩ ሜዳ ደሴ ከገባች ሃያ ዓመት አልፏታል። በሥራ ቀን የሆስፒታል ወለል ትወለውላለች፤ አገሯ ለቅሶ ሲኖር ሙሾ ታወርዳለች። ሁለቱም ወገብ ይቆርጣል፤ ለሁለቱም የሚያመሰግን የለም። ለምዳዋለች።

በሁለት ሺህ አምስት ዓ.ም. የሕክምና ተማሪዎች አስተማሪ ዶክተር ደሳለው አዲስ ነገር አመጡ። ተማሪ ሁሉ ስለ አንድ በሽተኛ አንድ ገጽ ጽፎ ዓርብ ዓርብ ያነባል። “በሽተኛውን በአልጋ ቁጥር የሚጠራ ሐኪም ቶሎ ልቡ ይደርቃል” ይላሉ።

የኮምቦልቻዋን ልጅ የሱሀይላን ገጽ ግን ሁለት ጊዜ መለሱባት። በሦስተኛው ካልሆነላት ክፍሉን ልትደግም ነው። አትጠገብ ደረጃ ላይ ስታለቅስ አገኘቻት።

“እትዬ አትጠገብ፣ ስለ አባባ በላቸው እግር ቁስል ያልጻፍኩት የለም እኮ! ‘ይሄ እግር ነው፤ ባለቤቱ የታለ?’ ይሉኛል።”

“እኔ ሙሾ ላወርድ ስል በምን ሞተ አልልም። የበሬውን ስም ነው የምጠይቅ። ማንን አበላ? ማንን አስኮረፈ? በምን ይስቃል? ሂጂ፣ ጠይቂው።”

ሱሀይላ ደብተሯን ይዛ አባባ በላቸው የተኙበት ክፍል ገባች። አትጠገብም ወለሉን እየወለወለች ተከተለቻት። ጥፋቱ ይሄ ነበር።

“አባባ፣ የበሬዎ ስም ማነው?”

“ጉራቻ።”

“ማንን ረድተው ያውቃሉ?”

ሽማግሌው ሊመልሱ ቀና ሲሉ ዓይናቸው አትጠገብ ላይ አረፈ። የወንድማቸውን ሙሾ ያወረደችው እሷ ናት፤ ያኔም ቤተሰቡን የጠየቀችው ይህንኑ ነበር። ብርድ ልብሱን ወረወሩት።

“በቃ፣ ሞቴን ቆርጣችሁልኛል! አልቃሽ እስከ አልጋዬ! መርፌውን ለሌላ ስጡ፤ እኔ አገሬ ገብቼ እሞታለሁ!”

“ወላሂ አባባ፣ እየዳኑ ነው! አምስት መርፌ ነው የቀረዎት።”

“ለሚሞት ሁሉ እንዲህ ነው የሚባል” እያሉ ጫማቸውን ፍለጋ ጎነበሱ።

ሱሀይላ ገጹን ረሳችው። ዛሬ ከወጡ እግሩ አይተርፍም።

አትጠገብ መወልወያዋን ግድግዳ አስደገፈች። “አያ በላቸው፣ እኔ ለወለሉ ተቀጠርኩ እንጂ ለእርስዎ ማን ጠራኝ? ለሚሞት ሰው ደግሞ እንዲህ አይባልም” አለችና በአውድማ ዜማ ለቀቀችው፦

“ጉራቻ በበረት ጌታው ቢናፍቀው፣
እግሩ እስኪድን ድረስ ሐኪም መች ሊለቀው!”

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ሽማግሌው ጫማቸውን እንደያዙ ሊቆጡ ሞከሩ፤ አልሆነላቸውም።

“ጉራቻ በረት አይወድም፤ ደጅ ነው የሚያድር” አሉ። “ደሞ የባለቤቴን ቁጣ ካልሰማ ፈር አይገባም። ጻፊ እንጂ፣ ምን ታዪኛለሽ?”

ምሳ እስኪመጣ አወሩ። ዓርብ ዕለት ሱሀይላ ሁሉንም አነበበች፤ ድንጋጤውንም፣ ጫማውንም። ዶክተር ደሳለው ወረቀቱን አልመለሱም፤ ኪሳቸው ከተቱት።

አያ በላቸው አምስተኛውን መርፌ ጨርሰው ሲወጡ ኮሪደሩ ላይ ቆሙ።

“አትጠገብ፣ ያችን ግጥም ለቀኔ አስቀምጪልኝ። ከውስጧ ሐኪሙን ብቻ ታወጪዋለሽ።”

“እስከዚያ እኔ ካለሁ ነዋ፣ አያ። ደክሞኛል።”

“ትኖሪያለሽ! ሌላ አልቃሽ የጉራቻን ጠባይ ምን ያውቃል?”

አትጠገብ ሳቀች። ከዚያ የጫማቸውን ጭቃ ከኋላቸው ወለወለች።