ከቀራንዮ እስከ ቤቴል፣ የጎርፉን ሥዕል ፍለጋ

በኮልፌ ቀራንዮ እኔን ያሸነፈ ኮምፒውተር ገና አልተሠራም፤ አንዳንዱማ ድምፄን ሲሰማ ራሱ ይድናል። ይህን ለባለቤቴ የነገርኳት ቁርስ ላይ ነበር። ምሳ ሰዓት ላይ ላፕቶፔን እንደ ታመመ ሕፃን ታቅፌ ቀራንዮ ፌርማታ ቆሜያለሁ።

የምሄደው ቤቴል ነው። የመሥሪያ ቤታችን የውሃ ተመራማሪ ዶክተር ሰናይት፣ የቤቴል ወንዝ ክረምት ላይ ቢሞላ ጎርፉ የማን ግቢ እንደሚገባ በኮምፒውተር አስልታለች። የሰፈሩ እድር አሥር ሰዓት ላይ ሥዕሉን አይቶ፣ የወንዝ ዳር ቤተሰቦች ይነሱ ወይስ ይቆዩ የሚለውን ይወስናል። ስሌቱ ከመግዘፉ የተነሳ አንድ ማሽን አይችለውም። መሥሪያ ቤት ያሉ አሥራ ስድስት ማሽኖች ተካፍለው ይሥሉታል፤ እኔ ያለቀውን ሥዕል ብቻ በኢንተርኔት እቀበላለሁ። ጠዋት ቤቴ ስሞክረው ግን አሥራ ስድስቱም «አለን» እያሉ፣ የመጣልኝ ግራጫ መስኮት ብቻ ነበር።

18 ማዞሪያ፣ ሰባት ተኩል

ጥፋቱን ኔትወርክ ላይ ጣልኩና ለታክሲ ሃያ ብር ከፍዬ ወደ ወዳጄ ሙሉጌታ ፎቶ ኮፒ ቤት ወረድኩ፤ የእሱ መስመር ፈጣን ነው። ግንኙነቱን ዘጋሁ፣ ከፈትኩ፣ ማሽኖቹን እንደገና አስነሳሁ። ግራጫ። ሦስት ደንበኞች ኢሜይል አልወጣ ብሏቸው ያጉረመርማሉ።

«አንተ፣ ምንድነው የምታወርደው?» አለኝ ሙሉጌታ።

«ሥዕል ነው።»

«ይሄ የሥዕል ጠባይ አይደለም። መስመሬን ጠጥተህ ጨረስከው።»

ተቀይሜ ወጣሁ። ስለ መስመር ለእኔ ሊያስተምር!

ቤቴል፣ ዘጠኝ ተኩል

በአየር ጤና በኩል በሁለት ታክሲ ደረስኩ። ሰማዩ ጠቁሯል፤ እንኳን ሰው፣ ታክሲውም የሚንቀጠቀጥ መሰለኝ። የእድሩ አዳራሽ በብረት ድስት፣ በአግዳሚና በተጠቀለለ ድንኳን ተሞልቷል። ቀድማኝ የደረሰችው ሰናይት ጠጋ ብላ፣ ባለፈው ያለ ሥዕል በወሬ ብቻ ብትመጣ እንደሳቁባት ነገረችኝ። የእድሩ ዳኛ ጋሽ ወልዴ፣ ቤታቸው ወንዙ አፋፍ ላይ ነው፣ ትከሻዬን ያዙኝ።

«ልጄ፣ እኔ ቤት ውሃ ይገባል አይገባም? ይችን ብቻ ንገረኝ።»

«ጋሼ፣ ትንሽ ይታገሱኝ። ኔትወርኩ ነው።»

ላፕቶፔን ሥዕሉን ግድግዳ ላይ ከሚያሳየው ፕሮጀክተርና ከስልኬ ኢንተርኔት ጋር አገናኘሁት። ግራጫ። አሥር ሰዓት ሆነ፤ ከኋላ ያሉት መነሳት ጀመሩ። ያኔ የሙሉጌታ ነገር ትዝ አለኝ። እውነትም ሥዕል መስመር አይጠጣም። ለካ ላፕቶፔ «በሬውን ፎቶ አንስታችሁ ላኩልኝ» ማለት ሲገባው በሬውን ራሱን፣ ማለትም ስሌቱን በሙሉ፣ በቀጭን ቱቦ እየጎተተ ነው! ማስተካከያውን ከፈትኩ። ስሌቱ ከምን ያህል በላይ ሲገዝፍ ሥዕሉን መሥሪያ ቤት ያሉት ማሽኖች ይሥሩት የምትለው ምልክት እስከ ጥግ ተገፍታለች፤ ስለዚህ ሁሉንም ላፕቶፔ ብቻውን ሊሥል ይታገላል። መለስኳት።

ሰማያዊው ውሃ ግድግዳው ላይ ፈሰሰ። የተነሱት ተቀመጡ። ጋሽ ወልዴ ቀርበው በጣታቸው ቤታቸውን ፈለጉ፤ ጣታቸው ሰማያዊው መሐል ቆመ።

«እንግዲህ» አሉ ዞረው፣ «ዘንድሮ የእድሩ ድንኳን ሳንሞት ይተከልልን።»

አንድም ሰው አልተቃወመም።

ቀራንዮ፣ አንድ ሰዓት

ዝናብ እየመታኝ ቤቴ ገባሁ። ታክሲ ውስጥ ሰናይት ምልክቷን ማን እንደነካት ጠይቃኝ፣ ሶፍትዌሩ ራሱ ሳይቀይራት አይቀርም ብያታለሁ። ከዚህ ጉዞ የተማርኩት ማሽን ሲለግም ከመንገድ በፊት የራሴን እጅ መፈተሽ ነው። ምልክቷን የገፋኋት እኔ ነኝ። እሑድ የባለቤቴ ወንድም መጥቶ፣ ላፕቶፔ ብቻውን የአሥራ ስድስት ማሽን ሥራ ይሠራል ብዬ ትንሽ ናሙና አሳየሁት። ከዚያ ምልክቷን ወደ ቦታዋ መመለሱን ረሳሁ።