የአባቴ ተዝካርና የባንኩ ወረቀት

አባቴ ያረፈው ጣልያን በገባ በዓመቱ፣ መስከረም ሲያልቅ ነው። አርባው የገና ጾም ሊገባ ጥቂት ቀን ሲቀረው ስለሚውል ድግሱን ማዘግየት አይቻልም ነበር። እናቴ ጠላውን ጠንስሳ "ማሩና ቅቤው፣ ሙክቱም ያንተ ነው" አለችኝ። የበኩር ልጅ ነኝ፤ የአባቴ ተዝካር ካላማረ አገር የሚያማው እኔን ነው።

አባቴ ሁለት በሬ ትቶልን ነበር። አንዱን ሸጬ ልደግስ፣ በቀረው ደግሞ ከአጎቴ ልጅ በሬ ጋር እያቀናጀሁ ላርስ ወሰንሁ። አንድ በሬ ያለው ሰው ሌላ ባለ አንድ በሬ ፈልጎ ይቀናጃል፤ ገበሬነቱ አይቀርበትም።

አንዱን በሬ፣ ቦራውን፣ እየነዳሁ ደብረ ማርቆስ ወረድሁ። ዋጋው ከእኛ ከሮብ ገበያ ይሻላል ብለውኝ ነበር። ገበያው መግቢያ ላይ ግን ለጣልያን ጦር ሥጋ የሚገዛው ሹም ከአስተርጓሚው ጋር ቆሞ ከብት ይመርጣል። እሱ የመረጠውን ለሌላ መሸጥ ክልክል ነው። የቦራውን ዳሌ መታ መታ አደረገና የጣልያንን የወረቀት ገንዘብ ቆጥሮ አስጨበጠኝ። አስተርጓሚው "ደህና ዋጋ ነው" አለ። ደህና ይሁን አይሁን በምን ልወቀው? በሕይወቴ የማውቀው ጠገራ ብር ነው።

ከዚያው በቀጥታ ወደ ባንኩ ሄድሁ። ከፊቴ የነበረው ነጋዴ ጠገራውን ከስልቻ ዘረገፈ፤ ጸሐፊው ፈገግ ብሎ ብሩን ሰበሰበና ወረቀት ሰጠው። ተራዬ ሲደርስ ወረቀቴን ዘርግቼ በጠገራ እንዲቀይሩልኝ ለመንሁ።

"ብር እንቀበላለን እንጂ አንሰጥም" አለ የባንኩ አስተርጓሚ። "ሁለቱም እኩል ናቸው ብሏል መንግሥት።"

"እኩል ከሆኑ ታዲያ ብሩን ስጡኛ።"

ይህችን አልተረጎመልኝም። "ዞር በል፣ ሰው ይጠብቃል" ብሎ ከመስኮቱ ገፋ አደረገኝ። የእኛን ብር እየለቀሙ ወረቀት የሚያድሉበት እኩልነት ዛሬም ሳስታውሰው ያንገበግበኛል።

ሮብ ዕለት ሮብ ገበያ ወጥቼ ማር ከምትሸጥ አሮጊት ፊት ወረቀቱን ሳወጣ ሴትዮዋ ግራ ቀኙን አየች።

"ልጄ፣ ይኸን ከየት አመጣኸው?"

"በሬ ሸጬ ነው፣ እናቴ። ለአባቴ ተዝካር ነው።"

"እኔስ አምንሃለሁ። አርበኞቹ እኔን ከየት አመጣሽው ቢሉኝ ምን እላለሁ? ለጣልያን ያደረች ነው የሚሉኝ። እጠፍና ወደ ብብትህ መልሰው።"

ማሯን ወደ ራሷ ሳበች። ቅቤ ሻጩ ነገሩን ሰምቶ ስለነበር ገና ሳልጠይቀው ፊቱን አዞረብኝ። እጄ ላይ የበሬ ዋጋ ይዤ አንድ ጭልፋ ማር የሚሸጥልኝ ጠፋ። ተዝካሩ እሑድ ነው፤ እስከዚያ ሌላ ገበያ የለም።

ቤታችን ቅርብ ነበርና ሮጥሁ። የቀረውን በሬ፣ ጉራቹን፣ ፈትቼ ገበያው ሳይበተን አደረስሁት። የገዛው ሰው መቸኮሌን ከላቤ አይቷል፤ በወይፈን ዋጋ ወሰደው። በጠገራ ስለከፈለኝ ግን አፌን ይዤ ተቀበልሁ።

ተዝካሩ አማረ። ካህናቱ ፍትሐቱን አድርሰው፣ ጎረቤቱ በልቶ ጠጥቶ "አባቱን አስከበረ" ብሎ መረቀኝ። እናቴ ደስ አላት። እኔ ጠላ እየቀዳሁ ጥርሴን ነክሼ ዋልሁ። ምርቃቱ ሁሉ ለአንድ ድግስ ነው፤ የወጣው ግን ሁለት በሬ ነው፣ አንዱን የበላው መንግሥት ተብዬው።

እርሻ ሲደርስ የአጎቴ ልጅ በሬውን እየነዳ ልንቀናጅ መጣ። ያየው ባዶ በረት ነው፤ በወረቀቱ በሬ የሚሸጥልኝ አላገኘሁም ነበር። ሌላ ባለ አንድ በሬ ፈለገ፤ እኔም ያባቴን መሬት አርሶ ምርቱን እኩል እንድንካፈል ሰጠሁት።

በዓመቱ አውድማችን ላይ ጤፉን በቁና እየሰፈረ አንዱን ለእኛ፣ አንዱን ለራሱ አፈሰሰ። አልበደለንም፤ ውላችን ነው። እናቴ የእኛን ስልቻ አፍ ይዛ ስትጠብቅ ቀና ብላ አላየችኝም። አባቴ ዕድሜውን ሙሉ መሬቱን ሌላ ሰው አርሶለት አያውቅም ነበር።